ወርዱ ስንት ነው?

ፊቱስ አልቋል።
ሰባት ወር ፈጀብኝ ጥራፊ ስለቅም፣
ከልብስ ሰፊ ደጃፍ የወደቀ ስጠቅም፤
የተማሪ ካኪ፣ የሚዜ ከረባት፣
ያስተናጋጅ ሸሚዝ ወጥ የፈሰሰበት፤
የዘርትሁን ሻሽም ጥግ ላይ አለበት።
ባዘቶው ተነድፏል።
የቀረው ገበር ነው፦
ለሁለት ሰው አልጋ፣ ለሁለት ሰው ገላ፣
አንድ ወጥ የሆነ፣ መሀል የማይከላ።

ከጊዮርጊስ በታች ታክሲ ተጋፍቼ፣
ፊቱን በማዳበሪያ ጠቅልዬ ከትቼ፣
መርካቶ ወረድኩኝ፣ ብትን ጨርቅ ተራ፣
ጥቅልል በጥቅልል ግድግዳ ሲሠራ።

«ይሄስ፣ ወርዱ ስንት ነው?»
«ሜትር ከሃምሳ ነው።»
«ያስ፣ ያ ግራጫው?»
«እሱም ያው፣ እሱም ያው።»

ነስሩ አቡጀዲ አወጣ፣ ጣውላው ላይ ዘረጋ፤
ለገበር የታወቀ፣ የማይከብድ ዋጋ።
ጨበጥኩት፣ ለቀቅኩት። ሽታውን አውቃለሁ፤
አምና ሐምሌ እናቴን ገንዤበታለሁ።
ሳቲን አመጣልኝ፤ እሱ ያንሸራትታል፣
ሌሊት እየሾለከ ወለል ላይ ይገኛል።
ፖሊስተሩን ባሸው እጄ ላይ ተንጣጣ፣
ፀጉሬን አስነሥቶ ብልጭታ አመጣ።
ነጩ ቶሎ ያድፋል፣ ቀዩ ቀለም ይለቃል፣
አበባ ያለበት ከፊቱ ጋር ይጣላል፤
እቤት ያለው ጠብ ይበቃል።

«ሰፊ የለም?» ስለው ሣቀ ነጋዴው፤
«ሰፊማ ሞልቷል፣ በረንዳውን እየው!»
ኋላ ግን በመሰላል ካናት አወረደ፤
ሁለት ከሰማንያ! እንደ ሜዳ ሄደ።
ጥጥ ነው፣ ሰማያዊ፣ ዝናብ ያዘለ፣
እጄን ብልክበት ዳር የለው፣ ቀጠለ።
ዋጋውን ነገረኝ።
እጄን ሰበሰብኩኝ።

«ሁለት ጠባብ ግዢና መሀሉን ስፊው፤
ገበር ነው፣ ከሥር ነው፣ ማነው የሚያየው?»

ልክ ነው፤ አይታይም።
ግን ያ ስፌት የሚያልፈው ባልጋዬ መሀል ነው፤
ከሱ ወዲህ የኔ፣ ከሱ ወዲያ የሱ ነው።
ከጥር ጀምሮ ሶፋ ላይ ነው የሚያድረው።
‹ብርድ ነው፣ ና ግባ› የሚል አፍ ስላጣሁ፣
በመርፌ ጀምሬ እዚህ ድረስ መጣሁ።
ይህን ለነጋዴ እንዴት ይነገራል?
‹ወርዱ አነሰኝ› ብሎ ዝም ማለት ይሻላል።

በረንዳው ላይ ጋሽ ወልደየስ ነበሩ፣
መነጽራቸውን በክር ያሰሩ፣
መርፌ በኮት ኮሌታ የደረደሩ።
ፊቱን ከማዳበሪያው መዘዙት፣ ገለበጡት፣
ዳር ዳሩን በጣታቸው ቀስ ብለው ዳሰሱት።
«ለሁለት ሰው ነው፣ አይደል?» አሉኝ።
«ነው» አልኩ።
አንገቴን ደፋሁ።
«ልብ በይ፤ ጠባቡን ሁለት አርገሽ ግዢ፤
አንዱን ሳትነኪው ለመሀሉ ያዢ፤
ሌላውን በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቂ፣
ግራና ቀኝ ግጠሚ፣ ጠርዙን አጥብቂ።
ስፌቱ በየጎኑ ከፍራሽ ይወርዳል፤
መሀሉ ሳይሰፋ መሀሉ ይሰፋል።»

ነስሩ ስድስት ሜትር ግራጫ ለካልኝ፣
ስንዝር ጨመረበት፣ «ለጠርዙ ነው» አለኝ።
ሰማያዊው ጨርቅ መሰላሉን ሲወጣ
ዓይኔ ተከተለው፣ ልክ እንደሚመጣ።

ማታ ሠራተኛ ሰፈር ይዘንባል፤
ጨርቁ ወለሉ ላይ ርዝመቱን ተኝቷል።
ጫፉን በጥርሴ ነክሼ ጀመርኩት፣ ሳብኩት፤
ጠረ-ረ-ረር ሲል ሶፋውን ቀሰቀስኩት።

«ምንድነው የሚቀደደው?»

ከጥር ወዲህ ጥያቄ ሲጠይቀኝ መጀመሪያው ነው።
ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ጋብ ብሎ ቆየ።
«ገበር ነው» አልኩት።
«ብቻዬን ስስበው እየተጣመመብኝ ነው፤
ና፣
ጫፉን ያዝልኝ» አልኩት።